ከወለሉ ሥር ያለው ቱቦ

የቤተሰብ መጽሔት ስለ መኪና ጭስ ማውጫ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ባለፈው ክረምት እህቴ ቤት የሆነውን ባላይ ኖሮ ጉዳዩን ለሾፌርና ለሜካኒክ በተውኩት ነበር። ነገር ግን እስቲ ልብ ብለን እንየው። ከዚያ ቱቦ በላይ፣ ከአንዲት ስስ የላሜራ ወለል በላይ የሚቀመጠው ማነው? ከፊት አባወራውና እናት፣ ከኋላ ደግሞ አያትና ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የቤተሰብ ነው ብዬ ብዕሬን አንስቻለሁ።

እህቴ የምትኖረው መቱ ነው። ባለቤቷ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሲሆን ወላጆቹ ሁሩሙ፣ የእናቱ ወንድሞች ጎሬ፣ ደንበኞቹ ደግሞ እስከ ያዩና በደሌ ድረስ አሉ። የኢሉባቦርን አገር የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል። ዳገትና ቁልቁለት፣ ጫካና ወንዝ፣ ከሁሉም በላይ ዝናብ ነው። ጎሬ በአገራችን እጅግ ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በዚያ አካባቢ ክረምቱ ከሌላው አገር ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶም ይወጣል። ቡናው የሚወደው ይኸው ዝናብ ለብረት ግን ጠላት ነው።

መኪናው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነው። አማቼ ከአዲስ አበባ የገዛው ከአንድ ወጣት ሲሆን፣ ያ ወጣት ፋብሪካው የሠራውን ጭስ ማውጫ አስወልቆ ከሌላ አምራች የመጣ አስገጥሞበት ነበር። ቱቦው ወፍራም፣ አፉ ሰፊ፣ ድምፁም ጎርናና ነው። ወጣቶቹ «ስፖርት» ይሉታል። አማቼ ድምፁን ባይወደውም፣ «ብረቱ ጥሩ ነው፣ አይዝግም» ስለተባለ እንዳለ ተወው። ሻጩ አልዋሸም፤ ከፊት ያለው ክፍል እውነትም የማይዝግ ብረት ነበር። ከመካከል እስከ ኋላ ያለው ግን ተራ ብረት ሆኖ ብርማ ቀለም የተቀባ ነው። ይህን ማንም በዓይን አይቶ አይለየውም።

በሐምሌ መጨረሻ ቤተሰቡ በሙሉ በደሌ ለሠርግ ሄዶ ሲመለስ፣ ያዩ ከመድረሳቸው በፊት ጎርፍ መንገዱ ላይ የጣለው ድንጋይ የመኪናውን ሆድ መታው። ወዲያው ድምፁ ተለወጠ፤ እንደ ትራክተር ይጮህ ጀመር። አማቼ ወርዶ አጎንብሶ አየ። የወደቀ ነገር የለም። ዝናቡ ይወርዳል፣ መሽቷል፣ ስለዚህ መስኮቶቹን እንደዘጉ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጥቂት እንደሄዱ የሰባት ዓመቷ ልጅ «ራሴን አመመኝ» አለች። ቀጥሎ አስመለሳት። አያቷ «መኪና ነው፣ ይለቃታል» ብለው ሎሚ አሸተቷት። እህቴ እንደምትለው እርሷንም እንቅልፍ እንቅልፍ ይላት ነበር፤ የሠርግ ድካም መሰላት። መቱ ደርሰው ልጅቷ በረንዳ ላይ ስትቀመጥ ትንሽ ቀለል አላት፤ ራስ ምታቱ ግን እስከ ማታ ድረስ አልለቀቃትም።

በማግስቱ አማቼ መኪናውን ወደ ጋራዥ ሲወስድ አብሬው ሄድኩ። የሄድነው ለጩኸቱ እንጂ ለልጅቷ ብለን አልነበረም፤ ሁለቱን ነገር ያገናኘ ሰው አልነበረም። ሜካኒኩ ጢማቸው የሸበተ፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው። መኪናውን በክሪክ አስነሥተው፣ እንጨት ደግፈው፣ ካርቶን አንጥፈው ከሥሩ ገቡ። ሲወጡ የጠየቁት ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

«ልጄ፣ ከኋላ በቀኝ በኩል ማን ተቀምጦ ነበር?»

አማቼ ደነገጠ። «ትንሿ ልጄ ናት፣ አባቴ። ምነው?»

ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ የኋላውን ምንጣፍ ገለጥ አደረጉ። በወለሉ ላሜራ ላይ ፋብሪካው የሚደፍነው አንድ የጎማ ክዳን ወልቆ የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ክፍት ሆኗል። በዙሪያው ጥላሸት ተቀብቷል። ልክ ከዚያ በታች ደግሞ የመካከለኛው ቱቦ ብየዳው ላይ ተሰንጥቆ አፉን ወደ ላይ ከፍቷል። ጭሱ በድንጋዩ ሰበብ መውጫ አገኘ፣ ከወለሉ በኩል ደግሞ መግቢያ አገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በየቤታችን ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት እንደሚገድል የማያውቅ የለም። የሚገድለው የሚታየው ጭስ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይሻማል፤ ከደሙ ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሆነ ጥቂቱም ብዙ ይጎዳል። የቤንዚን ሞተር የሚተፋው ይኸንኑ ጋዝ ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ነው። እንግዲህ መኪና የሚያዞረው ሰው ምልክት ከዚህ በምን ይለያል? በጣም ይመሳሰላል፤ አደጋውም ይኸው ነው። ነገር ግን አንድ መለያ አለ። መኪና የማያዞረው ሰው ጭምር ራሱን ካመመው፣ ወይም በአንድ መኪና ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው አንድ ላይ ካደከመው፣ በዚያ ላይ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ፣ ሎሚ የሚያሸቱበት ጊዜ አይደለም። መኪናውን አቁሞ ሁሉንም ማውረድ፣ ነፋስ ማስገባት፣ ምልክቱ የበረታበትን ሰው ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ደግሞ የበለጠ መፍራት ይገባል። መስኮት በትንሹ ከፍቶ መሄድም መተማመኛ አይሆንም፤ አንዳንዴ ከኋላ የሚሽከረከረውን ጭስ ጭራሽ ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ልጅቷን በዚያው ቀን ሐኪም አየት፤ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነበረች።

አሁን ወደ ብረቱ ልመለስ። በጋራዦቻችን ድምፅ አፋኙ «ማርሚታ» ይባላል። ቃሉ ከጣሊያኖች የቀረ ነው፤ በቋንቋቸው ትልቅ ድስትም ማለት ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቡሎን፣ ባሌስትራ የሚሉት ሁሉ ከዚያው ወገን ናቸው። የማርሚታ ሐሳብ ግን አሮጌ ነው፤ በአሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ ሪቭስ የተባሉ ወንድማማቾች በ1897 እ.ኤ.አ. የሞተር ድምፅ ማፈኛ በስማቸው አስመዝግበዋል። ብዙ ሰው ጭስ ማውጫ ማለት ማርሚታው ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ከሞተሩ ላይ ተነሥቶ እስከ መኪናው ጭራ የሚደርስ አንድ ረጅም መንገድ ነው። ከፊት ያለው ቱቦ ከሞተሩ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በብዙ መኪኖች ጭሱን የሚያጣራ የማር እንጀራ የመሰለ ዕቃ አለ፤ በውስጡ ፕላቲነምና ፓላዲየም የመሳሰሉ ውድ ማዕድናት ስላሉ በብዙ አገር ሌባ የሚፈልገው እርሱን ነው። ቀጥሎ መካከለኛው ቱቦ፣ ከዚያ ማርሚታው ይመጣል። ይህ ሁሉ ከመኪናው ወለል ጋር በቡሎን አልታሰረም፤ በጎማ ማንጠልጠያ ተንጠልጥሏል። ለምን ቢሉ ሞተሩ ሲነቃነቅ አብሮ መነቃነቅ፣ ሲግልም መርዘም ስላለበት ነው። ጎማው ሲበጠስ በሽቦ ጥርቅም አድርጎ የሚያስር ሰው ቱቦው በሌላ ቦታ እንዲሰነጠቅ እየፈረደበት ነው።

የአማቼም ቱቦ ታሪክ እንዲሁ ነበር። ከዓመት በፊት ብየዳው ላይ ማፍሰስ ሲጀምር፣ ስሙን በማላነሣው አንድ ሌላ ጋራዥ አስጠግኖት ነበር። የተሠራለት ሥራ በዛገው ብረት ላይ የቆርቆሮ ቁራጭ ጠቅልሎ መበየድ፣ የተበጠሰውንም ጎማ በሽቦ መተካት ነው። ሽማግሌው ያንን ልጣፍ በመዶሻ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት እንደ ደረቀ እንጀራ ተፈረፈረ። «ዝገት ላይ የተበየደ ብረት ለወሩ ነው» አሉ። ድንጋዩ የጨረሰው ያለቀውን ነገር ነው እንጂ ጤነኛ ቱቦ አልሰበረም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ቱቦው ከውጭ በጭቃና በዝናብ እንደሚዝገው ሁሉ ከውስጥም ይዝጋል። ቤንዚን ሲቃጠል ውኃ ይወልዳል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ጠዋት ሞተር ሲነሣ ከቱቦው ጫፍ የሚንጠባጠበው ይኸው ነው። መኪናው ረጅም መንገድ ከሄደ ቱቦው ግሎ ውኃውን ያተነዋል። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ መስጂድ፣ ከመስጂድ ቤት ብቻ የሚመላለስ መኪና ግን ውኃው ማርሚታው ውስጥ ተኝቶ ይበላዋል። «መኪናዬ ሩቅ አይሄድም፣ ምን ይጎዳዋል» የምትሉ ወገኖች ይህን አስቡበት።

ጥገናው እንዴት ይሁን በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። የፋብሪካው ዕቃ ቢሆን ኖሮ የመኪናውን ዓመትና ሞዴል ተናግሮ መካከለኛውን ቱቦ ማስመጣት ይቻል ነበር። ይህ ግን የሌላ አምራች ዕቃ ነው፤ በኮሮላ ስም ቢፈለግ የሚመጣው ቀጭኑ የፋብሪካ ቱቦ ነው፤ አይገጥምም። ያለው መንገድ መለካት ብቻ ነው። ሽማግሌው የደኅነኛውን ክፍል የውጭ ስፋት በካሊፐር ለኩ፤ 63 ሚሊ ሜትር፣ ማለት ሁለት ኢንች ተኩል ሆነ። የመኪናው የፋብሪካ ቱቦ ከዚህ ብዙ ይቀጥናል። ከዚያ ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት አምጥተው ከፊት እስከ ኋላ ነካኩት። ከፊት አልያዘችም፣ ከኋላ ያዘች። «ከዚህ ወዲያ ሌላ ብረት ነው» አሉ። ማግኔት የማትይዘው የማይዝገው ብረት አንድ ዓይነቱ ነው፤ ማግኔት የምትይዘው ሌላ ዓይነትም ስላለ ፈተናው ፍጹም አይደለም፤ እዚህ ግን ዝገቱ ራሱ መሰከረ።

አማቼ «የውኃ ቱቦ እዚሁ መቱ ሞልቷል፣ እርሱን ቆርጠን ብንበይደውስ?» ሲል ሐሳብ አቀረበ። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው አይቻለሁ። ሽማግሌው እምቢ አሉ፤ ምክንያታቸውም ሁለት ነው። አንደኛው ክብደቱ ነው፤ የውኃ ቱቦ ወፍራም ስለሆነ ማንጠልጠያውን ይበጥሳል። ሁለተኛው ለበያጁ ነው። የውኃ ቱቦ ዚንክ የተለበጠ ነው፤ ሲበየድ ነጭ ጭስ ይወጣዋል፤ ያንን የተነፈሰ ሰው ማታ እንደ ወባ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል። በያጆች ወተት ከጠጣን አይነካንም ይላሉ። ወተት ሳንባ ውስጥ አይገባምና አያድንም። ሽማግሌው ረዳታቸውን፣ የ16 ዓመት ልጅ ነው፣ እያሳዩ «ይህ የሰው ልጅ ነው፣ አደራ ነው» አሉ። እኔ ከሁሉ የበለጠ የገረመኝ ይህ ነው። መኪና ውስጥ ለምትቀመጠው ልጅ ተጨንቀን ከመኪናው ሥር ለሚተኛው ልጅ አለማሰብ ይቻላል።

ቱቦው አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ተገኘ። የአማቼ ዘመድ ልኩን በወረቀት ይዞ ሄዶ ገዛው፤ ሁለት ፋሸታ፣ አራት የጎማ ማንጠልጠያና አንድ ጓርኒሲዮን ጨምሮ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫነው። 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ቱቦው ያለ ጠባሳ ቢደርስም ከማንጠልጠያዎቹ አንዱ ጠፍቶ ነበር። የመንገድ ነገር ነው።

ሥራው የተጀመረው የባትሪውን ሽቦ በማላቀቅ ነው። የኤሌክትሪክ ብየዳ ኃይል በመኪናው ሽቦ ውስጥ ካለፈ ዲናሞውንና የሞተሩን ኮምፒዩተር ሊያቃጥል ስለሚችል ነው። ቡሎኖቹ ዝገው አልፈታ አሉ፤ ዘይት ጠጥተው ሲያድሩ ከአንዱ በስተቀር ተፈቱ። ያንን በሴጌቶ ቆረጡት። ከዚያ የተበላሸውን ክፍል ደኅነኛ ብረት እስከሚገኝበት ድረስ ቆርጠው ጣሉ። ሽማግሌው ከስንጥቁ ወዲያ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ሲቆርጡ አማቼ «ይኼ እኮ ደኅና ነው» አለ። የተቆረጠውን አንሥተው ውስጡን አሳዩት። ከውጭ ቀለሙ ያልለቀቀ ቱቦ ከውስጡ እንደ ወረቀት ሳስቷል።

አዲሱን ቱቦ ወዲያው አልበየዱትም። መኪናው ላይ አንጠልጥለው፣ በሦስትና በአራት ቦታ ብቻ ነካ ነካ አድርገው አያያዙት፤ ያችንም ነካ ነካ ሲያደርጉ ባልዲ ውኃ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ የኋላ ምንጣፉን አንሥተው ነበር፤ የቤንዚን ጋኑ ቅርብ ነውና። ከዚያ በእጃቸው ይዘው እየነቀነቁ ከወለሉ፣ ከአክሰሉና ከጋኑ ጋር እንደማይጋጭ አዩ። አንድ ጣት ያህል ክፍተት በሁሉም በኩል መኖር አለበት። አንድ ቦታ ጠብቦ ስለነበር ነቅለው እንደገና አያያዙት። ልኩ ሲገጥም ቱቦውን ከመኪናው አውርደው መሬት ላይ ዙሪያውን በየዱት። ከማይዝገው ብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ለእርሱ የተሠራ ኤሌክትሮድ ተጠቀሙ፤ በተራው ኤሌክትሮድ ቢበየድ መጋጠሚያው ቀድሞ ይዝግ ነበር። ከኋላ ከማርሚታው ጋር የሚገናኘውን ግን ሳይበይዱ በፋሸታ አሰሩት። «ማርሚታው ነገ ይለወጣል፣ ያኔ መጋዝ አያስፈልግም» አሉ። እንዲህ ያለ አርቆ ማየት ያለው ባለሙያ ስንቱ ነው?

ፈተናው ቀላል ነው፤ ማንም በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ሜዳ ላይ ይነሣል። ረዳቱ በእጁ ወፍራም እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ የቱቦውን አፍ ለጥቂት ሴኮንድ ይጫናል። ደኅና ከሆነ ጭሱ ጨርቁን ይገፋዋል፣ ሞተሩም ይታፈናል። የሚያፈስ ከሆነ ከመካከል «ፍስስ» ይላል። መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ሲቀቡ አረፋው ከተነፋ እዚያ ቀዳዳ አለ። የእኛ ከፊተኛው ጓርኒሲዮን ላይ ትንሽ ነፋ፤ ቡሎኖቹን አጥብቀው ዘጉት። ከዚያ የወለሉን ቀዳዳ በአዲስ የጎማ ክዳን ደፈኑት። ጭስ ማውጫ ተሠርቶ ወለሉ ካልታየ ሥራው ግማሽ ነው።

ስለ ድምፁ ጥቂት ልበል። በመቱም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን የሞተር ብስክሌቱን ማርሚታ አስወልቆ ሌሊት የሚያስጮህ ወጣት አይጠፋም። ኃይል ይጨምራል ይሉታል። በትንሽ ሞተር ላይ የሚጨምረው ከጩኸቱ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። በግድግዳው ማዶ ሕፃን ያስተኛች እናት፣ የታመመ ሽማግሌ፣ ሱብሒ ሊነሣ የተኛ ሠራተኛ አለ። የጎረቤት ሐቅ ሲባል ምግብ ማካፈል ብቻ የሚመስለን ካለን ይህንንም እንጨምርበት። አማቼም ቢሆን ከጎረቤቶቹ «መምጣትህን ገና ከድልድዩ እናውቃለን» እየተባለ በሳቅ ሲነገረው ኖሯል። ሳቁ ግን ሁሉ ሳቅ አልነበረም።

ማርሚታው ገና አልተለወጠም። በውስጡ ድምፅ የሚያፍነው የመስታወት ጥጥ ተቃጥሎ አልቋል ተብሏል፤ ስለዚህ ጎርናናው ድምፅ አሁንም አለ፣ ጭስ ግን አያፈስም። አማቼ ተራውን የፋብሪካ ዓይነት ሊያስገጥም ወስኗል፤ የሚገዛው ግን ጀንፈሉ ተሽጦ ደንበኞቹ የጨርቅ ዱቤያቸውን ሲከፍሉት ነው፤ እስከ ታኅሣሥ መቆየቱ አይቀርም። እስከዚያው ሽማግሌው በወር አንድ ጊዜ ማንጠልጠያዎቹን እንዲያሳያቸው አዘውታል። የጠፋውን አራተኛ ጎማ ከአሮጌ መኪና ፈተው በነጻ ገጠሙለት።